የሽንጥ ጠፍር

ኦርቪል ታጋርት ልጁን ሮይስን ቤተ ክርስቲያን ወስዶት አያውቅም፤ ያ የእናትየዋ የኔልዳ ድርሻ ነበር። እሱ የሚወስደው ሮዲዮ ወደሚሉት የፈረስ ግልቢያ ግጥሚያ ነው። በነሐሴ የአውራጃው ባዛር ሲከፈት ልጁን የሜዳው አጥር ላይ ያስቀምጠውና፣ እንዳይወድቅ ቀበቶውን ከኋላ ይዞ፣ ያልተገራ ፈረስ ላይ የሚወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያሳየዋል።

«አየኸው?» ይላል አንዱ ተስፈንጥሮ ሲወድቅ።

«አየሁት።»

«ምን ሆነ?»

«ወደቀ።»

«አይደለም። አትቸኩል፣ ቆይተህ እይ።»

ጋላቢው ይነሳል። በአፉ የገባውን አፈር ተፍቶ፣ ባርኔጣውን አንስቶ፣ እያነከሰ በገዛ እግሩ ከሜዳው ይወጣል።

«አሁንስ ምን ሆነ?»

«ተነሳ።»

«እሱን ነው የምልህ! መውደቁንማ ማንም ይችልበታል።»

ኦርቪል ይህን ትምህርት ከማንም አልተዋሰውም፤ በገዛ አጥንቱ የተማረው ነው። በወጣትነቱ በነብራስካ የአሸዋ ኮረብቶች ውስጥ ያልወጣበት ፈረስ፣ ያልተሰበረ አጥንት የለውም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቀኝ ጉልበቱ እንደ ሰው ጉልበት አይታጠፍም፤ አንገቱ ወደ ግራ ሲዞር ይንቋቋል። ግን ከየትኛውም ሜዳ በሰው ትከሻ አልወጣም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር።

በዚያ አገር የአንድ ሰው ከብት በበረዶ ቢያልቅበት ጎረቤት ያዝንለታል። ሚስቱ ጥላው ብትሄድም ያዝኑለታል፤ ቢያንስ ፊት ለፊት አይስቁበትም። ከሮዲዮ ሜዳ በቃሬዛ የወጣ ግን አለቀለት። ሌስተር የሚባል ጎረቤታቸው ገና ጎረምሳ ሳለ ጭኑ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጥቶ ነበር። ይኸው ሽበት አብቅሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ እንኳ፣ እህል መደብሩ በር ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ሌስተር፣ ደረጃው እንዳይከብድህ፣ ተሸክመን እናስገባህ?» የሚለው አይጠፋም። ሌስተርም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

ሮይስ እንዲህ ካለ አገር፣ እንዲህ ካለ አባት ተወልዶ፣ ጠባዩ ግን ወደ እናቱ አደላ። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ ነበር። እጁ ደግሞ ለብቻው ተባርኮለታል። ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ኮቴውን አላስነካም ብሎ ሁለት ባለሙያ ያባረረ ፈረስ፣ ሮይስ አጠገቡ ቆሞ አንገቱን ትንሽ ካሻሸው በኋላ እግሩን ራሱ አንስቶ ይሰጠዋል። ኔልዳ ይህን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል። ኦርቪልም ይደሰት ነበር፤ ግን ፈረስን ማባበል ሥራ ነው፣ ፈረስ ላይ መቆየት ደግሞ ወንድነት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ልጁ ከጎረመሰ ጀምሮ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስሙን ያስመዘግበዋል። ሮይስ ጎበዝ ጋላቢ ነበር ማለት አይቻልም። ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። አባቱም ከአጥሩ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ይነቀንቅለታል፤ ለሮይስ የዓመቱ ደመወዙ ያ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት በሞላው ክረምት፣ ወደ ባዛሩ ሲሄዱ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ።

«አባዬ፣ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው።»

ኦርቪል መሪውን እንደያዘ ዐይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ጉንጩ ውስጥ የወተፈውን ትምባሆ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዞረ።

«የኮቴ ብረት መምታቱን በደንብ ልያዘው ብዬ ነው። ሰው እየጠራኝ ነው እኮ፣ ከሩቅ ሁሉ። ታፋዬም ቢሆን...»

«እኔ ምን አልኩህ?»

«ምንም አላልክም።»

«አቁም። ማን ያዘህ? የእኔ ታፋ አይደል።»

ከዚያ በኋላ እስከ ባዛሩ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኦርቪል ሲቆጣ ከሚጮኹት ሰዎች ወገን አይደለም። ቢጮህ ኖሮ ቤተሰቡ በተገላገለ።

የዚያን ቀን ሮይስ የደረሰው ጥጥ የሚሉት ነጭ ፈረስ ነበር። ጥጥ ከጠባቡ በረት ሲለቀቅ ሁለት ጊዜ ሳይወድ በግዱ ዘለለና፣ ሐሳቡን ቀየረ መሰለኝ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ እንደሚሄድ ሰው ሶምሶማ ጀመረ። ሕዝቡ ሳቀ። ሮይስ ጋላቢ እንዲቆይ የሚጠበቅበትን ስምንት ሰከንድ ያለ ችግር ቆየ። ግን በዚህ ጨዋታ ነጥቡ ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የፈረስ ነው፤ ፈረሱ ከሰነፈ ጋላቢው ምንም ቢያደርግ ዋጋ የለውም። እንዲህ ሲሆን ዳኛው ምርጫ ይሰጣል፦ ወይ ያችን ጥቂት ነጥብ ይዘህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ወይ በሌላ ፈረስ ድጋሚ ትወጣለህ።

ሮይስ ኮርቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በረቱ ተመለሰ። ዳኛው ጠየቀው። ሮይስ ለዳኛው ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ አጥሩ ላይ የተቀመጠውን አባቱን አየ። ኦርቪል ምራቁን ተፋና ወደ ማዶ፣ ወደ በሬዎቹ በረት ተመለከተ።

«ድጋሚ እወጣለሁ» አለ ሮይስ።

ቨርን የኦርቪል የጥንት ጓደኛ ነው። ሥራው በሜዳው ውስጥ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ሰዓቱን የጨረሰውን ጋላቢ ከሚያብደው ፈረስ ላይ ማንሳት ነው። ይህን ሁሉ ሲያይ ፈረሱን ወደ አጥሩ አስጠጋ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጁን ተወው እንጂ። ድጋሚ የደረሰችው ሚስ ዶሊ ናት። ፊቱን አላየኸውም? ደክሞታል።»

«እኔ አፌን ከፈትኩ?»

«ምነው በከፈትከው! ዝም ስትል ነው የምትጮኸው።»

«ቨርን፣ ሂድና ሥራህን ሥራ።»

ቨርን ፈረሱን አዙሮ ሄደ።

ሚስ ዶሊ ጥቁር ባዝራ ነበረች። በመጀመሪያው ዝላይ ሮይስ ቆየ። በሁለተኛውም ቆየ። በሦስተኛው ወደ ቀኝ ያጋደለች መስላ ወደ ግራ ተጠመዘዘችና ሮይስ ከኮርቻው ወጣ። ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ ብሎ የወጣ ይመስል ነበር። የወረደው በአናቱ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ሲታጠፍ ኦርቪል አየ።

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሕክምና ሰዎቹ መኪናቸውን ያቆሙት በማዶ በኩል ስለነበር በሩ እስኪከፈትላቸው ጊዜ ወሰደ። ኦርቪል በዚያ ጉልበቱ እንዴት አጥሩን እንደዘለለው እሱም አያውቅም፤ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

ሮይስ በጀርባው ተዘርሯል። ዐይኑ ክፍት ነው።

«ሮይስ።»

«አባዬ... አንገቴ።»

«ምን ሆነ አንገትህ?»

«እሳት ነው። እጄንም ይነዝረኛል።»

«አንቀሳቅሰው እስቲ።»

ሮይስ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። እግሩንም ሳብ አደረገ።

«ነርቭ ነው። እኔንም እንዲህ አድርጎኛል። ያልፋል።»

«ትንሽ ልተኛ አባዬ። ትንሽ።»

ኦርቪል ቀና አለ። የተመልካቾቹ እርከን ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እነሱ ያያል። ከማዶ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ ነው። በሕይወቱ ብዙ ነገር ፈርቷል፤ ድርቅ ፈርቷል፣ የባንክ ሰው ፈርቷል። እንደዚያ ቃሬዛ የፈራው ነገር ግን አልነበረም።

«እየመጡልህ ነው» አለው ዝቅ ብሎ። «ተሸክመው ሊያወጡህ ነው። ተነስ ልጄ። ሰው እያየህ ነው።»

«አባዬ...»

«ተነስ አልኩህ። ያዘኝ።»

በብብቱ ስር እጁን አስገብቶ አነሳው። ሮይስ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። ሕዝቡ አገር ምድሩን በጩኸት ቀወጠው። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያው፣ «ይኸው! ይኸው ጎበዝ! የታጋርት ልጅ መሬት ላይ የሚቀር መሰላችሁ?» እያለ ያቅራራል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ በሩ ተራመዱ። ሮይስ በደህና ነበር የሚራመድ። ኦርቪል ደረቱ በኩራት አበጠ፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው በአውራጃው አልነበረም። የልጁ ባርኔጣ መንገዳቸው ላይ ወድቆ አየና ክንዱን ለቆ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

ቀና ሲል ሮይስ በጉልበቱ ነበር። ከዚያ በፊቱ ተደፋ፤ እጆቹን ሊዘረጋ እንኳ አልሞከረም።

*

ዴንቨር ከተማ ድረስ በሄሊኮፕተር ወሰዱት። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ዐይኗ ቀልቷል። ኦርቪልንና ኔልዳን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። አጥንቱ የተሰበረው ሲወድቅ ነው። ውስጡ ያለው የነርቭ ገመድ ግን ያኔ አልተነካም፤ እጁንም እግሩንም አንቀሳቅሶ ነበር ተብሏል። የተሰበረው አጥንት ከቦታው ተንሸራትቶ ገመዱን የጨፈለቀው በኋላ ነው፣ ሲቆምና ሲራመድ።

«ማን ነው ያነሳው?» አለች። ለመክሰስ አልነበረም፤ እንዲያው መጻፍ ያለባት ነገር ስለነበር ነው።

ኦርቪል ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ አዞረ። ኔልዳም ያን ቀን ባዛሩ ላይ ነበረች፤ እርከኑ ላይ ተቀምጣ ሁሉን አይታለች። ባሏን አየችው፤ ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ራሱ ነው የተነሳው» አለች።

ብትጮህበት፣ ደረቱን ብትደበድበው፣ ሰው ፊት ብታዋርደው ይቀለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳችበትም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ዝናብ ዘነበ አልዘነበም ትላለች። ኦርቪል ሌላውን ሰው ሲቀጣበት የኖረው ዝምታ ምን ያህል እንደሚያደማ በስተርጅና ቀመሰው።

ሮይስ ወደ ቤት ሲመለስ የፊት ለፊቱን ክፍል ለቀቁለት። አልጋውን መስኮቱ አጠገብ አደረጉት፤ ከዚያ ሆኖ ግጦሹን ያያል። ከትከሻው በታች ምንም አይታዘዝለትም። እነዚያ እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ኔልዳ ባስቀመጠቻቸው ቦታ ይውላሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት አንድ ጊዜ ንቅንቅ አለች። ኦርቪል አየ። ምንም ይሁን ምን፣ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ለከብቶቹ ድርቆሽ አድሎ ሲመለስ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ወንበሩን ከአልጋው አጠገብ ይስባል።

«በል እንጀምር።»

ሮይስ ዐይኑን ይጨፍናል። ግንባሩ ላብ ያወጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ፊቱ ይቀላል። ጣቷ አትነቃነቅም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ድገም። ቅድም የነቃነቅካት መሰለኝ።»

ይደግማል።

«ቆይ፣ ቆይ! አሁን... አይ። በል አንዴ።»

እንዲህ እያሉ ሁለቱም ይዝላሉ። ሮይስ እምቢ ብሎ አያውቅም። ኦርቪልም ነገሩ የልጁ ጣት ብቻ እንዳልሆነ በልቡ ያውቃል። ያቺ ጣት ከተነቃነቀች ያ የሜዳው ነገር ትንሽም ቢሆን ይሰረይለት ይመስለው ነበር። ሁሉም ባይሆን ትንሽ፤ ማታ ጋደም ሲል ግድግዳውን ሳይሆን ሚስቱን ፊት ለፊት ለማየት የሚያበቃው ያህል።

ጎረቤት በድንችና በተፈጨ ሥጋ የተሞላ መጋገሪያ ይዞ ይመጣል። «ታጋርቶች እኮ ብረት ናቸው» ይላሉ። «አንገቱ ተሰብሮ በእግሩ የወጣ ሰው ጣት ያቅተዋል?» ሮይስ በጨዋ ደንብ ፈገግ ይላል። ሲወጡ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። በዓመቱ መጨረሻ ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። የጣቷ ንቅናቄ ከንቱ ነው፤ ከአንጎል የተቆረጠ ጡንቻ አንዳንዴ በራሱ እንዲህ ይፈራገጣል። እስካሁን ያልተመለሰው አይመለስም። ጉልበቱን ለትንፋሹ ይቆጥብ፤ ባለጎማ ወንበሩን በአገጩ መንዳት ይለማመድ።

«እኔንም አትራመድም ብለውኝ ነበር» አለ ኦርቪል ወደ ቤት ሲመለሱ። «ሐኪም እኮ ያየውን ነው የሚያወራ።»

በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን ሳበ።

አንድ ቀን ኔልዳ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ሳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለ?»

«'ምነው ባይነጋ' አለኝ።»

ኦርቪል ዞረ። «መሞት ይፈልጋል?»

«አይ። ጠዋቱን ነው የፈራው። አንተ ወንበር ስትስብ።»

ኦርቪል ባርኔጣውን ከመስቀያው መንጭቆ ወጣ። ጎተራው ጀርባ ሄዶ ምንም ያልጎደለውን አጥር ሲጠግን ዋለ። በማግስቱም «በል እንጀምር» አለ። ምን ይበል? ሌላ ነገር ማለት አልተማረም።

*

ነሐሴ ተመልሶ መጣ። ኦርቪል አልሄድም ብሎ ነበር፤ ቨርን ቤቱ ድረስ መጥቶ «ሬሳ እንኳ አንዳንዴ ከቤት ይወጣል፣ ና እባክህ!» ብሎ እየጎተተ በኦርቪል መኪና ይዞት ሄደ። የዚያን ዕለት ጠዋት በጥድፊያ ወንበሩን ሳይስብ ወጣ።

የጥንት ቦታው አጥሩ ላይ ነው። ገና ከመውጣቱ አስተዋዋቂው አየውና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ወገኖቼ፣ አጥሩ ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ! ሮይስ ታጋርትን የሚረሳ አለ? አንገቱ ተሰብሮ፣ ከዚህ ሜዳ በገዛ እግሩ የወጣ ልጅ! አባቱ ኦርቪል ነው!» ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ባርኔጣ ወለቀ። አንድ ሰው ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ በጣቱ ወደ ኦርቪል እያመለከተ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ኦርቪል ምን እንዳለው ለመገመት መስማት አላስፈለገውም። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ቁጭ አለ፤ ሌላ ምን ያደርጋል፣ እውነቱን ይጩህባቸው? ቢጮህም ያጨበጭቡለታል።

ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ጎረምሳ በቀይ ባዝራ ወጣ፤ ገና በሁለተኛው ዝላይ አሽቀንጥራ ጣለችው። በደህና ነው የወደቀ፤ ብድግ ብሎ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለና ከጓደኞቹ ጋር ይስቅ ጀመር። ባዝራዋ ግን አላቆመችም። ባዶ ኮርቻ ይዛ፣ እርካቡ ከወዲያ ወዲህ እየተወናጨፈ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየዘለለች፣ አየሩን ትራገጣለች።

«ኧረ ተይ እሜቴ፣ ሰውየው ወርዷል!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ብቻዋን ዳንኪራ ያዘች እኮ!»

ኦርቪል አልሳቀም። ለምን እንደምትዘል ያውቃል፤ ጠፍር ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ከበረት ከመለቀቃቸው በፊት የፈረሶቹ ሽንጥ ላይ ጠፍር ይታሰራል። አያቆስላቸውም፤ ግን ምቾት ይነሳቸዋል፣ አውልቀው ሊጥሉት ይራገጣሉ። ሕዝቡ ጀግንነት ብሎ የሚያጨበጭብለት ግማሹ ያ ጠፍር ነው። ቨርን በፈረሱ ደርሶ ከጎኗ ጋለበ፤ እጁን ዘርግቶ መፍቻውን ሳብ አደረገ። ጠፍሩ ወደቀ። ባዝራዋ ወዲያው ቆመች። ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ ማንም ሳይነዳት ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየው ቁጥር የለውም። ግን ዐይኑ ምንጊዜም ከሰውየው ጋር ነበር፤ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወጣ። ፈረሱ በኋላ ምን እንደሚሆን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። አሁን የሚያየው ሰው አልነበረውም፤ ዐይኑ ከባዝራዋ ጋር ቀረ። እሷ ጀግና ሆና አይደለም። ጨዋታው እንዳለቀ ሳታውቅ ቀርታም ላይሆን ይችላል። የሚፈታላት ሰው እስኪመጣ ማቆም ስለማትችል ነው።

ኦርቪል ከአጥሩ ወረደ። አጥሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ሮይስ ከወደቀ ዓመት አለፈው፣ አለ በልቡ፤ እኔ ግን ይኸው ዛሬም አጥብቄ እንዳሰርኩት ነኝ።

«ወዴት ነው? ገና በሬዎቹ አልወጡም!» አለ ቨርን ከሜዳው ውስጥ።

«ቤት።»

«አመመህ እንዴ?»

ኦርቪል እያነከሰ ወደ መኪናው አመራ።

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ኔልዳ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ሮይስ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ዐይኑን በሩ ላይ አድርጎ ጠበቀው።

«አባዬ? ሮዲዮው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ ምነው? ማን ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም።»

ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ ወንበሩን ሳበ። የወንበሩ እግር ወለሉ ላይ ሲንቋቋ የልጁ ፊት ጭምድድ ሲል አየ። ከዚህ በፊትም እንዲህ ይል ነበር ማለት ነው፤ በየማለዳው።

«አዎ፣ ጠዋት ሳንጀምር ሄድክ» አለ ሮይስ። ትንፋሽ ሰበሰበ፤ ዐይኑን ጨፈነ። «እሺ። ዝግጁ ነኝ።»

«ሮይስ።»

«እሺ፣ እየሞከርኩ ነው።»

«አትሞክር።»

ሮይስ ዐይኑን ገለጠ።

«ተወው። ይበቃል» አለ ኦርቪል።

«ለዛሬ ነው?»

«ለሁልጊዜም። አይመለስም ልጄ። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ያለፋሁህ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ወንበር ስቤ 'በል' አልልህም።»

ሮይስ ጣራውን አየ። ከዚያ እንባው በሁለቱም ጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። የሚጠርግበት እጅ የለውም፤ ኦርቪል መሐረቡን አውጥቶ ጠረገለት። የልጁ ትከሻ ቀስ በቀስ ሲረግብ፣ የአንገቱ ሥር ሲላላ፣ ይታየዋል። ደግ ነገር የሠራ መሰለው። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ነገር የሠራ መሰለው።

«አባዬ» አለ ሮይስ።

«ወዬ ልጄ።»

«ያን ቀን ሜዳው ላይ 'ተኛ' ብትለኝ ኖሮ እተኛ ነበር።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ዝም ብሎ የሚያውቀውን እየነገረው ነበር። «ሰው ቢስቅ ምኔም አልነበረም። አንተ ያልከኝን አላደርግም ብዬህ አላውቅም እኮ።»

ኦርቪል መሐረቡን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው። ሊነሳ ብሎ የወንበሩን ጎን ያዘ። ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገባው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ።